ዋልያን ያቆየው ማን ነው? የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ታሪክ



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ ተራራና ስለ አንድ እንስሳ ነው። ተራራው ስሜን ነው፤ እንስሳው ዋልያ። ዋልያ ከስሜን ገደሎች በቀር በዓለም ላይ የትም አይኖርም። በሩቅ አገር የእንስሳት ማቆያዎች ዝሆንም፣ አንበሳም፣ ጎሪላም ታገኛላችሁ፤ ዋልያ ግን የለም። ስለዚህ ስሜን ላይ የጠፋ ዕለት ከሌላ ቦታ አምጥተን የምንተካው ዘር አይኖረንም። ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችንን በስሙ እንጠራለን፤ ሲያሸንፍ በስሙ እንጨፍራለን። ከዐሥር ዓመት በፊት ቁጥሩ ወደ 900 ይጠጋ ነበር። በ2024 የተደረገው ቆጠራ ያገኘው ግን ወደ 300 ገደማ ብቻ ነው።

ይህን ቁጥር ሰምቶ ዝም ማለት ለእኔ ከባድ ነው። ለእናንተም እንደሚከብዳችሁ አምናለሁ። ነገር ግን እንዲሁ ከማዘን በፊት ታሪኩን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ዋልያ እንዲህ ለመጥፋት ሲቃረብ የመጀመሪያው አይደለም። ከስድሳ ዓመት በፊት ከዛሬውም ያነሰ ነበር። ያን ጊዜ ተርፏል። ማን አተረፈው? እንዴትስ ተረፈ? ከዚያስ ለምን ተመልሶ ወደቀ? የዛሬው ንግግሬ በዚህ ላይ ነው። ዘመኑን የምጠራላችሁ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ዓለም አቀፍ ውሳኔዎቹ በዚያ ስለሚጠሩ እንዳይምታታባችሁ ብዬ ነው።

አስቀድሜ ስለ ቦታው ጥቂት ልበል። ከጎንደር ወደ ሰሜን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዙ ደባርቅ ትደርሳላችሁ። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው፤ አስጎብኚው፣ ጎብኚን የሚያጅበው ጠባቂ ስካውቱ፣ በቅሎ ጫኙም የሚገኘው እዚያው ነው። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ቼነቅ እያላችሁ ትወጣላችሁ። በስተቀኝ የገብስ ማሳና የግጦሽ ሜዳ፤ በስተግራ ግን መሬቱ በድንገት ያበቃል። የሰሜኑ ገደል በአንዳንድ ቦታ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከሥሩ ያለው ቆላ እስከ ተከዜ ሸለቆ ይዘረጋል። ይህ ሁሉ ከሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ ፈልቶ የወጣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ንብብር በንብብር ተከምሮ ወደ ሦስት ሺህ ሜትር የሚደርስ ውፍረት ነበረው፤ ከዚያ ዝናብና ወንዝ፣ በቀዝቃዛው ዘመንም የበረዶ ግግር እየሸረሸሩ ዛሬ የምናየውን መልክ አወጡለት። ከፍተኛው ጫፍ ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው።

ዋልያ የሚኖረው በዚያ ገደል ወገብ ላይ ነው። ከታች ቆላው ለእርሱ አይሆንም፤ ከላይ ሜዳው የሰውና የከብት ነው። የቀሩት እርከን እርከን ሆነው ገደሉን የሚያቋርጡት ጠባብ ሣራማ ቦታዎች ናቸው። እዚያ ሣር አለ፣ የአስታ ቁጥቋጦ አለ፣ ጅባራ አለ። አውራው ዋልያ መቶ ኪሎ ግራምና ከዚያም በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ወደ ኋላ የሚቆለመመው ቀንዱ ከአንድ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ያን ሁሉ ተሸክሞ የሰው እግር በማይረግጠው ዐለት ላይ ይሮጣል። እናቲቱ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው አንድ ግልገል ነው፤ ወሊዱም የሚበዛው ክረምቱ ሲወጣ፣ ሣሩ ገና ለምለም ሳለ ነው። አንድ ግልገል ማለት፣ መንጋው አንድ ጊዜ ከተመታ በሁለትና በሦስት ዓመት አያገግምም ማለት ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ዋልያን ለዓለም ሳይንስ ያስተዋወቀው ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ የፍራንክፈርት ሰው ነው። በ1830ዎቹ መጀመሪያ ስሜንን ተዘዋውሮ አይቶ፣ በ1835 ስለ ዋልያና ስለ ጭላዳ ጻፈ፤ ቀይ ቀበሮንም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ገለጸ። ሦስቱም በኢትዮጵያ ብቻ የሚኖሩ ናቸው። የስሜን ሰው ግን ሦስቱን ከእርሱ በፊት ለብዙ ትውልድ ያውቃቸው ነበር። ዋልያን ያድነውም ነበር፤ ሥጋው ይበላል፣ ቆዳው ይፈለጋል፣ ቀንዱም የመጠጫ ዋንጫ ይሠራበታል። በጦርና በውሻ ገደል ለገደል የሚደረግ አደን አድካሚ ስለሆነ ብዙ አይገድልም። ሁኔታው የተለወጠው ዘመናዊ ጠመንጃ በደጋው ሲበዛ ነው፤ በተለይም ከጣሊያን ወረራና ከአርበኝነቱ ዘመን በኋላ። ሁለት መቶ ሜትር ርቆ ከገደሉ ማዶ ቆሞ መተኮስ ሲቻል ዐለቱ ለዋልያ መሸሸጊያ መሆኑ ቀረ።

በ1944 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የዱር አራዊት አደንን የሚገድብ ዐዋጅ አወጣ። ዐዋጁ አዲስ አበባ ነበር፤ ስሜን ደግሞ ከአዲስ አበባ በበቅሎ የብዙ ሳምንት መንገድ ነበር።

በ1963 ዩኔስኮ የላከው የባለሙያዎች ቡድን ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ ከአባላቱም አንዱ ታዋቂው የሥነ ሕይወት ሊቅ ጁሊያን ሃክስሊ ነበሩ። በዚያው ዓመት ኬንያ ይኖር የነበረው ሌስሊ ብራውን ስሜን ወጥቶ ዋልያን ለመቁጠር ሞከረ። ግምቱ ያስደነግጥ ነበር፤ የቀሩት ከ200 የማይበልጡ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። የዱር እንስሳት ጥበቃ ድርጅት ተቋቋመ፤ ስሜንና አዋሽ ለፓርክነት ታጩ፤ በ1969 ሁለቱም በነጋሪት ጋዜጣ ታወጁ። ከእነዚህ ሁለቱ በቀር ሌሎቹ ፓርኮቻችን ለብዙ አሥርት ዓመታት በስም ብቻ እንጂ በሕግ አልታወጁም ነበር። ስሜን ሲታወጅ ስፋቱ 136 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር፤ ለአንድ ተራራ ጠባብ ነው፤ ለአንድ ገደል ግን ይበቃል ተብሎ ነው። ወሰኑ የተሰመረው ለዋልያ ነበር።

ወሰኑ ውስጥ ግን ሰው ነበር። ይህ የታሪኩ እምብርት ነው፤ ጠለቅ ብዬ ልናገርበት።

ስሜን በዱርነቱ ሰው ያልደረሰበት ምድር ሆኖ አያውቅም። ገበሬው በዚያ ከፍታ ላይ ገብስ ይዘራል፣ በግ ያረባል፣ በቅሎ ያሳድጋል፤ ከዘመናት ጀምሮ። ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም አለ። ፓርኩ ሲከለል እነዚህ ሰዎች በአንድ ቀን እርሻቸው፣ ማገዷቸውና ግጦሻቸው የተከለከለ ሆነባቸው። ማንም መጥቶ አላማከራቸውም። የፓርኩ የመጀመሪያ ኃላፊ የነበረው ትውልደ ዌልስ ክላይቭ ኒኮል በ1960ዎቹ መጨረሻ ሁለት ዓመት ያህል እዚያ ሠርቶ፣ በኋላ ስለዚያ ጊዜ መጽሐፍ ጽፏል። ጥቂት ጠባቂዎችን ይዞ የደን ጭፍጨፋንና አደንን ለማስቆም ሲታገል፣ ከገበሬውም ከባለሥልጣኑም ጋር ሲጋጭ፣ በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ሲለቅ እናነባለን። የሰውየውን ቅንነት አልጠራጠርም። ነገር ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ፓርኩና ገበሬው በአንድ ሜዳ ላይ እንደ ሁለት ጠላት ቆመው ነበር፤ ያ ጠብ የተወለደው ወሰኑ ከተሰመረበት መንገድ ነው።

የስዊስ ሰዎችም መጡ። በርንሃርድ ኒቨርጌልት ዋልያን ለዓመታት ያጠና ሰው ነው፤ ጠዋት ከገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጦ በመነጽር ከማዶ ያለውን ዐለት እየቃኘ አንድ በአንድ ይቆጥር ነበር። ዋልያ ስንት ቁመት ላይ እንደሚውል፣ የትኛውን ተክል እንደሚመርጥ፣ መንጋው እንዴት እንደሚከፋፈል ዛሬ የምናውቀው ብዙው ከእርሱ ጥናት የተገኘ ነው። ሃንስ ሁርኒ ደግሞ በ1970ዎቹ አጋማሽ በፓርኩ በኃላፊነት ሠርቶ የስሜንን አፈር አጠና፤ ዳገቱ ላይ የሚታረሰው ማሳ በየክረምቱ ምን ያህል አፈር እንደሚያጣ አሳየ። በዚያ አሥር ዓመት ዋልያ ወደ 300 ገደማ አድጎ ነበር። ጥበቃ ነበረ፤ አደን ቀንሶ ነበር። ይህ ዕድገት በጠባቂ ኃይል ብቻ የመጣ መሆኑን አልደብቃችሁም። ኃይል ለጊዜው ይሠራል።

በመስከረም 1978 የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ዋሽንግተን ላይ ተሰብስቦ የመጀመሪያዎቹን ዐሥራ ሁለት የዓለም ቅርሶች መዘገበ። ዋሽንግተን ዛሬ ስንት ወገኖቻችን የሚኖሩባት ከተማ ናት፤ ይህን የሚያውቁት ግን ጥቂት ይመስሉኛል። ከዐሥራ ሁለቱ ሁለቱ የእኛ ነበሩ፤ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትና የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ። ስሜን ከጋላፓጎስ ደሴቶችና ከአሜሪካው የሎስቶን ፓርክ እኩል፣ በአንድ ዝርዝር፣ በአንድ ስብሰባ ተመዘገበ። ለአንድ ድሃ አገር ይህ ትልቅ ክብር ነው።

በዚያው ጊዜ አካባቢ፣ በ1978 እና በ1979፣ በሰሜኑ ገደል ሥር ይኖሩ የነበሩ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ሰዎች በመንግሥት ትእዛዝ በግድ ከቤታቸው ተነሡ። ደርግ ነው ያነሣቸው። ዓለም ያጨበጨበለትና ገበሬው ያለቀሰበት ፓርክ አንድ ነው። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ካልተናገርን የስሜንን ታሪክ አልተናገርንም።

ቀጥሎ የመጣው ጦርነት ነው። በ1980ዎቹ ስሜን የውጊያ ሜዳ ሆነ፤ የፓርኩ ሠራተኞች ወጡ፣ ካምፖቹ ፈራረሱ፣ ጥበቃው ተቋረጠ። ተነሥተው የነበሩት ገበሬዎች ወደ አያት ቅድመ አያት መሬታቸው ተመለሱ። ማን ይፈርድባቸዋል? አስታው ተቆረጠ፣ ዳገቱ ታረሰ፣ ዋልያ ታደነ። በ1991 ጦርነቱ ሲያበቃ ፓርኩን እንደ አዲስ መጀመር ያስፈልግ ነበር። በ1996 ዩኔስኮ ስሜንን «በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች» መዝገብ አስገባው፤ ዋልያው ተመናምኖ፣ ቀይ ቀበሮው ሊያልቅ ደርሶ፣ በፓርኩ ውስጥ የሚያልፍ መንገድ ተሠርቶ፣ ሰውና ከብት በዝቶ ነበር።

ከመዝገቡ ለመውጣት ሃያ አንድ ዓመት ፈጀ። ይህን ጊዜ ብዙዎች እንደ ውርደት ያስታውሱታል፤ እኔ ግን ከስድሳው ዓመት ውስጥ እጅግ ፍሬያማው ይመስለኛል። ምክንያቱም ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ደባርቅ ተለወጠች። ጎብኚ መጣ። ማንም ጎብኚ ያለ ስካውት ወደ ተራራው አይወጣም ተባለ፤ ስካውቱ ደግሞ የዚያው ቀበሌ ልጅ ነው። አስጎብኚዎች በማኅበር ተደራጁ፤ በቅሎ አከራዩ፣ በቅሎ ነጂው፣ ምግብ አብሳዩ ተራ ይዞ መሥራት ጀመረ። በአንድ የአራት ቀን ጉዞ ላይ ስንት ሰው እንጀራ እንደሚያገኝ አስቡት። ያ ሁሉ ሰው ዋልያ በሕይወት ሳለ የሚከፈለው ሰው ነው። አደን በድብቅ ሲካሄድ ሰምቶ ዝም የማይል ጎረቤት የተገኘው በዚህ ጊዜ ነው፤ አንድ ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ ሊያይ የማይችለውን ሁሉ መንደሩ ያያል።

ፓርኩም ወደ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ሰፋ። ሊማሊሞ ገባ፣ መሳረሪያ ገባ፣ ስልቂና ራስ ዳሸን ገቡ። ይህ ማስፋፊያ ከሁሉ የጠቀመው ቀይ ቀበሮን ነው፤ ቀበሮው የሚኖረው ከገደሉ ይልቅ አይጥ በሚበዛባቸው ከፍተኛ ሜዳዎች ላይ ነው። በዓለም የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች በጠቅላላው ወደ 500 ብቻ ናቸው፤ የስሜኖቹ ከእነዚያ ትንሽ ክፍል ናቸው። ለቀበሮው ከጠመንጃ ይልቅ አስጊው የመንደር ውሻ ነው፤ በእብድ ውሻ በሽታና በሌሎች የውሻ በሽታዎች በአንድ ወቅት ብዙ ቀበሮ ሊያልቅ ይችላል። ውሻን መከተብ ቀበሮን ማዳን ነው፤ የእረኛውንም ልጅ ማዳን ነው።

የዋልያ ቁጥር ከ2000 በኋላ እያደገ ሄደ፤ በ2010ዎቹ አጋማሽ ወደ 900 ገደማ ደረሰ። በ2017 የዓለም ቅርስ ኮሚቴ በፖላንዷ ክራኮቭ ከተማ ተሰብስቦ ስሜንን ከአደጋ መዝገብ አወጣው። ክራኮቭ ራሷ በ1978 ከስሜን ጋር አብራ ከተመዘገቡት ዐሥራ ሁለቱ አንዷ ናት። በ2020 ደግሞ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የዋልያን ደረጃ በአንድ እርከን አሻሻለለት።

ከአደጋ መዝገብ ለመውጣት ከተጠየቁት ነገሮች አንዱ ግን በፓርኩ እምብርት የሚኖረው ሰው እንዲቀንስ ነበር። እዚህ ላይ ግጭ ትመጣለች።

ግጭ ከ3,500 ሜትር በላይ ባለ ሰፊ ሜዳ ላይ የተቀመጠች፣ ነዋሪዎቿ በአብዛኛው ሙስሊም የሆኑ መንደር ነበረች። ገብስ ያመርታሉ፤ ከብታቸውና በጎቻቸው በሜዳው ይሰማራሉ። የግጦሹ ብዛት ሣሩን ከሥሩ እንደላጨው፣ ጅባራውን እንዳራቆተው፣ ጭላዳና ዋልያ ከሚመገቡበት ቦታ እንዳራቃቸው አጥኚዎች ደጋግመው ጽፈዋል። ይህ እውነት ነው። በ2016 ከ400 በላይ አባወራዎች ካሳ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛወሩ። የግጭ ሜዳ አረንጓዴ ሆነ፤ ሣሩ ተመለሰ። ይህም እውነት ነው።

ነገር ግን ሕይወቱን ሙሉ በበሬና በበግ የኖረ አባወራ በከተማ ዳር የቆርቆሮ ቤትና በእጁ የተቆጠረ ገንዘብ ይዞ ሲቀመጥ ምን ያደርጋል? ገንዘብ ያልቃል። ንግድ አይችልም፤ ማንም አላስተማረውም። ልጁ የአባቱን ሙያ አይወርስም። መንደሩ ሲበተን እድሩ፣ ደቦው፣ ለቅሶው፣ መቃብሩ ይበተናል። ይህን ሁሉ በካሬ ሜትር ተምኖ መክፈል አይቻልም። ፈረንሳዊው የታሪክ ተመራማሪ ጊዮም ብላን በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ ስሜንን ዋነኛ ምሳሌ አድርጎ የሚከራከረው በዚህ ላይ ነው። ከውጭ የመጡት ባለሙያዎች ሰው ያልነካት አፍሪካን ሲፈልጉ፣ በእርግጥ ያለችውን፣ ሰው ያረሳትንና ያበጃትን አፍሪካ እንደ ጥፋት አዩዋት ይላል። ያቀረበው ንጽጽር ይቆረቁራል፤ በደቡብ ፈረንሳይ ያለው የሴቬን ተራራማ አገር በ2011 የዓለም ቅርስ የሆነው እረኛውና ገበሬው መልኩን ስለሠሩት ነው፤ እዚያ ገበሬው ቅርሱን የጠበቀ ተባለ፤ ስሜን ላይ ግን ገበሬው ቅርሱን የሚያጠፋ ተባለ።

እኔ ከብላን ጋር በሁሉም አልስማማም። የግጭ ሜዳ እንደነበረ ቢቀጥል ኖሮ ከብቱ ራሱ የሚበላው ያጣ ነበር ብዬ አምናለሁ። የሴቬን ገበሬ ቁጥሩ እየቀነሰ ነው፤ የስሜን ገበሬ እየበዛ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ያስቸግራል። ነገር ግን ዋናውን ጥያቄውን ልንሸሸው አይገባም። የመንዝን ጓሳ አስቡ። ከዐሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የመንዝ ሰው ራሱ ሕግ አውጥቶ፣ ራሱ ጠባቂ መርጦ፣ ጓሳውን ለሦስትና ለአምስት ዓመት ዘግቶ፣ ሲደርስ ተካፍሎ ያጭድ ነበር። ያ ሥርዓት እስከ 1975ቱ የመሬት ዐዋጅ ድረስ ቆየ፤ ከዚያም በኋላ ማኅበረሰቡ በአዲስ መልክ አቋቁሞታል። በዚያ ጓሳ ላይ ዛሬም ቀይ ቀበሮ ይኖራል፣ ጭላዳም ይኖራል። ማንንም ከቤቱ ሳያነሡ ነው። ስለዚህ ደጋው ሰው ተፈጥሮን መጠበቅ አያውቅም የሚል ሰው ቢኖር፣ የአገሩን ታሪክ አያውቅም ማለት ነው።

ወደ ቅርቡ ዘመን ልምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ብዙዎቻችሁ አይታችሁታልና። በ2019 የጸደይ ወራት ስሜን ላይ እሳት ተነሣ። ለሳምንታት ነደደ፤ ጓሳውንና አስታውን በላ። ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ፣ ከኬንያም ሄሊኮፕተር ተጠራ። ከእነርሱ በፊትና ከእነርሱ ጋር ግን ቅጠል ቆርጦ፣ አፈር ቆፍሮ እሳቱን የተፋለመው የአካባቢው ገበሬ ነበር። የፓርኩ ጠላት ነው የተባለው ያ ገበሬ። በ2020 ኮሮና መጣ፤ ጎብኚ ቆመ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጦርነት ተቀሰቀሰ፤ በ2021 እስከ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደረሰ። በቅሎው ያለ ጭነት ቆመ፤ አስጎብኚው ሥራ ፈታ። ያ ጦርነት ጋብ ሲል በ2023 በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሣ።

አሁን መጀመሪያ ላይ ያነሣሁትን ነገር አስታውሱ፤ አንዲት እናት ዋልያ የምትወልደው አንድ ግልገል ነው። ከ900 ወደ 300 ለመውረድ ዐሥር ዓመት እንኳ አልፈጀም። ከ300 ወደ 900 ለመውጣት ግን ባለፈው ጊዜ ሃያ ዓመት ገደማ ፈጅቷል፤ ያውም ሰላም በነበረበት፣ ጎብኚ በሞላበት፣ ደመወዝ በጊዜው በሚከፈልበት ዘመን። ከብዛቱም ሌላ የሚያሳስብ ነገር አለ። መንጋ ሲያንስ ዘሩ እርስ በርሱ ይዛመዳል፤ የቤት ፍየልም ወደ ገደሉ እየተሰማራ ከዋልያ ጋር ሊዳቀል ይችላል የሚል ስጋት አለ። ያ ቢሆን ዋልያ ሳይገደልም ይጠፋል።

ስለዚህ ማን ነው ዋልያን ያቆየው? ዐዋጁ ወረቀት ነበር፤ አስፈላጊ ወረቀት ነው፣ ግን ወረቀት ነው። ዓለም አቀፉ መዝገብ ክብር ሰጠው፤ ገደሉ ላይ ወርዶ አዳኝ አልያዘም። የውጭዎቹ ባለሙያዎች ቆጠሩት፣ አጠኑት፣ ስለ እርሱ ጮኹ፤ ውለታቸውን አልክድም። በ1970ዎቹ በጠባቂ ኃይል የመጣው ዕድገት በመጀመሪያው ጦርነት ፈረሰ። ከ1990ዎቹ ወዲህ የመጣው ዕድገት የበለጠ የጸናው ስካውቱ የጎረቤቱ ልጅ ስለነበረና በቅሎ ነጂው ከዋልያ መኖር እንጀራ ስለበላ ነው። እርሱም የፈረሰው ያ እንጀራ ሲቋረጥና ጠመንጃ ሲነግሥ ነው። የኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ዋልያን ያቆየው የደጋው ሰው ነው፤ ሰላምና ጥቅም ባገኘ ጊዜ።

ከዚህ ፍርድ ተነሥቼ ጥቂት ነገር እጠይቃለሁ። ፓርኩን ለሚያስተዳድሩት፦ ቆጠራው በየዓመቱ ይደረግ፤ ውጤቱም፣ መራራም ቢሆን፣ ለሕዝብ ይነገር። ጎብኚ በሌለበት ጊዜ ስካውቱ ደመወዙን በወሩ ያግኝ፤ ጎብኚ ሲመለስ ደግሞ ከመግቢያው ክፍያ የየቀበሌው ድርሻ በግልጽ ይታወቅ። ከግጭና ከሌሎች መንደሮች የተነሡትን ሰዎች ሄዳችሁ ጠይቋቸው፤ ልጆቻቸው ለአስጎብኚነትና ለጠባቂነት ቅድሚያ ያግኙ፤ መሬቱን ለፓርኩ የለቀቀ ሰው ከፓርኩ ደጅ መመለስ የለበትም። የውሻ ክትባት አይቋረጥ።

ከደባርቅ፣ ከጃናሞራ፣ ከአዳርቃይ፣ ከበየዳ፣ ከጠለምት የወጣችሁ፣ በአዲስ አበባም ሆነ በባዕድ አገር የምትኖሩ ወገኖቼ፦ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያና ለትምህርት ቤት ቆርቆሮ ስታዋጡ አውቃችኋለሁ። ለስካውቱ ካፖርት፣ ጫማና መነጽርም አዋጡ። ለአገራችሁ ልጅ ነው የምትሰጡት።

መምህራን ሆይ፦ በኢትዮጵያ የአንበሳንና የዝሆንን ሥዕል ያልሳለ ተማሪ የለም። ዋልያንም ይሳል፤ ጭላዳንም ይሳል።

በመጨረሻም ከማንኛውም ወገን ሆናችሁ ዛሬ በስሜን ተራሮች ላይ ጠመንጃ ይዛችሁ ያላችሁ ወንድሞቻችን፦ ጠባችሁን እዚህ ልፈታው አልችልም፤ ማንነታችሁንም አልጠይቅም። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ዋልያ ላይ አትተኩሱ፤ የሚተኩሰውንም ከልክሉት።